በጸሎት መጽሐፌ ውስጥ የቀረው ወረቀት

ለተወደድሽው ባለቤቴ ለአስካለ፤ በክርስትና ስምሽም ለወለተ ሥላሴ፦

በዚህ በያዝነው የመስከረም ወር ከተለየሽኝ ዐሥራ አንድ ዓመት ሞላ። ቀን መቁጠር ሙያዬ ስለ ሆነ ወሩንና ዕለቱን፣ የዋለበትንም በዓል ጨምሬ ልጽፍልሽ በቻልሁ ነበር። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ነገር ራሱ የቀን ቆጠራ ነውና ወደ ኋላ እደርስበታለሁ። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ከደጀ ሰላሙ ደረጃ ጋር አልስማማ ብሏል።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። አንቺ የተከልሽው እንሰት ተቆርጦ አልቆ፣ አሁን በጓሮ የቆመው የልጅ ልጁ ነው። በአጥሩ ጥግ ያለው ኮረሪማ ግን የራስሽ ነው፤ ከሺሺንዳ፣ ከአባትሽ ጓሮ፣ በእርጥብ ቅጠል ጠቅልለሽ ያመጣሽው። የጣሪያው ቆርቆሮ ተለውጧል። ከጅማ የሚመጣው መንገድ አስፋልት ሆኖ፣ በክረምት መኪናችን በጭቃ ተይዞ ያደርንበትን የጎጀብን ቁልቁለት ሰው አሁን እያንቀላፋ ያልፈዋል። የቦንጋን ዳገት ሰዉ በባጃጅ ይወጣል፤ ዩኒቨርሲቲም መጣልን እየተባለ ነው። ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረትን ለማየት እንዴት ትጓጊ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። ገባ፤ ችቦም በራ፤ እኔም ሒሳቡን ሠርቼ በበሩ ጀርባ ለጠፍሁት፤ ለጥፎ የሚያቃናልኝ ግን አልነበረም።

አንዲት ልጃችን ሰናይት አሁንም በዋጫ መምህርት ናት። ሁለት ልጆች ወልዳለች፤ ታላቂቱ ስምሽን ይዛለች። ሰናይት አንቺ ባለፍሽበት ዕድሜ ላይ ለመድረስ ስድስት ዓመት ቀርቷታል። የምጽፍልሽም ስለ እርስዋ ነው።

ከጎጃም መጥቼ በዚህ ደብር ለማስተማር በተቀጠርሁ ጊዜ፣ በየዓመቱ ጳጉሜን ውስጥ ተቀምጬ የሚመጣውን ዓመት አጽዋማትና በዓላት ማውጣት፣ በመስከረም አንድም ቀን ለምእመናኑ ማንበብ የእኔ ድርሻ ሆነ። አንቺ ደግሞ በዱቄት ሙጫ ወረቀቱን በበሩ ጀርባ ትለጥፊው ነበር። በአገርሽ ቋንቋ በካፊኖኖ እየቆጠርሽ፣ ጣትሽን እያጠፍሽ ሥራዬን ትመረምሪ ነበር። አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉት ሁለት የሒሳብ ቁጥሮች ምንጊዜም ተደምረው ሠላሳ እንደሚሆኑ ባስረዳሁሽ ጊዜ፣ «ሁልጊዜ ሠላሳ ከሆኑ ታዲያ በየዓመቱ ለምን ይደምሯቸዋል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ለእንግዳም ሁሉ የምትነግሪው ቀልድ ነበረሽ፤ «መሪጌታ የዛሬ ዐሥር ዓመት የሚውለውን ፋሲካ ያውቃሉ፤ ዛሬ የገበያ ቀን መሆኑን ግን አያውቁም» ትይ ነበር። እስቅ ነበር። ዛሬ ሳስበው ቀልድ ብቻ አልነበረም።

በግንቦት ወር ነበር የነገርሽኝ። የሰውነትሽን ክፍል በስሙ አልጠራሽውም፤ እጄን ወስደሽ በቀሚስሽ ላይ፣ በግራ ጡትሽ በኩል አኖርሽው። የባቄላ ፍሬ የሚያህል ነበር። በሰኔ መጀመሪያ ወደ ሐኪም ሄድን። ሐኪሙ ወጣት ነበር። ዳስሶ፣ ብዙ ሳይናገር ወደ ጅማ ሪፈር ጻፈና ለእኔ ሰጥቶ «አባቴ፣ ብዙ እንዳትቆዩ» አለ። ወረቀቱን አጥፌ በጸሎት መጽሐፌ ውስጥ አኖርሁት። የከበረ ነገር የማኖረው እዚያ ነበርና።

ሰባት ቀን ጠበል ትጠመቂ፣ ከዚያ እንሄዳለን አልሁ። ሰባቱ ሲፈጸም እብጠቱ የቀነሰ መሰለኝ፤ ማየት የወደድሁትን አየሁ። ሌላ ሰባት ጨመርሁ። ከዚያ የሐዋርያት ጾም እስኪፈታ አልሁ። ከዚያ ዝናቡ በረታ፤ ፍልሰታ ደረሰ፤ ዓመቱ ይለወጥ፤ መስቀል ይዋል። ለእያንዳንዱ መዘግየት የበዓል ስም ሰጠሁት። ሐኪምንም የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ለደቀ መዛሙርቴ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ። ጠበሉን አልከስም። ጠበሉ ቀን ቁጠርልኝ አላለኝም፤ ቆጣሪው እኔ ነበርሁ።

በሐምሌ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በረንዳው ላይ ኮረሪማ ስትፈለፍዪ፣ ቀና ሳትዪ አንድ ነገር ጠየቅሽኝ፤ «መሪጌታ፣ ያ ወረቀት ጊዜው ያልፍበት ይሆን?» አልሽ። እኔም ስለ አንድ የታወቀ ሥርዓት እንደ ተጠየቀ ሊቅ፣ «የሐኪም ወረቀት ጊዜ የለውም፤ አይዞሽ» አልሁሽ። ሥራሽን ቀጠልሽ።

ጅማ የደረስነው በጥቅምት፣ ክንድሽ አብጦ መተኛት ከተሳነሽ በኋላ ነው፤ በጊዜ አልደረስንምና ዓመት ሳይሞላ በመስከረም ተለየሽኝ። እስከ ዛሬ ለሰው ሁሉ፣ ለንስሐ አባቴም ጭምር፣ «አዘገየኋት» ብዬ ነበር የተናገርሁት፤ የቀረውን ግን አልተናገርሁም። ያን ቀን ወረቀቱን ይዤ አልወጣሁም። ረስቼው አይደለም። ከላይ ቀኑ ተጽፎበት ነበርና የጅማው ሐኪም ቀኑን እንዳያነብብኝ ተውሁት። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ሲጠይቅም «ከቅርብ ጊዜ ወዲህ» አልሁ። አንቺ ዘወር ብለሽ አየሽኝ። አላጋለጥሽኝም። ስንመለስ በመኪናው ውስጥ ያነጋገርሽኝ ስለ ዕለቱ በዓል ብቻ ነው፤ ዛሬ የማን ነው ብለሽ። ነገርሁሽ። በትክክል ነበር የነገርሁሽ።

አሁን የልጅሽን ልንገርሽ።

ሰናይት በዚህ ባለፈው ክረምት ለመምህራን የሚሰጠውን የክረምት ትምህርት ለመማር አዲስ አበባ ነበረች። አብራት የምትማር አንዲት መምህርት፣ አንቺ በምን እንዳረፍሽ ከሰማች በኋላ፣ ማሞግራም ካልተነሣሽ ብላ ዕረፍት ነሳቻት። ማሞግራም ጡትን በሁለት ሰሌዳ መካከል ጨምቆ የሚያነሣ ራጅ ነው፤ በእጅ የማይዳሰሰውን ቀድሞ ያሳያል። ተነሣች። በእጅ የሚዳሰስ አንዳች አልነበረባትም። ውጤቱ ግን ንጹሕ አልሆነም፤ በግራ በኩል ጥላ፣ በጥላውም ውስጥ እንደ ጤፍ ፍሬ የረቀቁ ነጫጭ ነጠብጣቦች ታዩ። ክፉ ነው አላሏትም፤ ደግ ነውም አላሏትም። ዳግመኛ ለመታየት፣ ካስፈለገም በመርፌ ናሙና ለመስጠት፣ ነሐሴ አምስት ቀን እንድትመለስ ቀጠሯት። እንዲህ ተጠርተው ከሚመለሱት ብዙዎቹ ደኅና ሆነው እንደሚገኙ፣ ያ የሚታወቀው ግን በመመለስ ብቻ እንደ ሆነ ነገሯት።

እርስዋ ምን አደረገች መሰለሽ? መኪና ተሳፍራ ቦንጋ መጣች።

ነሐሴ ሦስት ቀን እሑድ ነበር። እኔ እንደ ወትሮዬ ለፍልሰታ ሱባኤ ገብቼ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በእንሰት ቅጠል በተከደነች ጎጆ ውስጥ ነበርሁ። ከቅዳሴ በኋላ ጃንጥላዋን አጥፋ ገባችና በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት ዘረጋችልኝ። «አባባ፣ ይህን በጸሎት መጽሐፍዎ ውስጥ ያኑሩልኝ» አለች። «ሱባኤው ሲፈታ ወስጄው እሄዳለሁ። እስከዚያ ጠበል ልጠመቅ፤ ሰባት ቀን ይበቃኛል ወይስ ሁለት ሰባት?» ከልጅነቷ ጀምሮ ሰው ሁሉ ቀን ሲያስቆጥረኝ ያየች ናትና እርስዋም ልታስቆጥረኝ መጣች። ወረቀቱን፣ ቀጠሮውን፣ የነገሯትን ሁሉ ጠየቅኋት። ቀጠሮው በማግስቱ ማግስት ነበር።

እጄን ዘርግቼ አልተቀበልኋትም። መጽሐፌን ገልጬ ያንቺን ወረቀት ከነበረበት አወጣሁትና ለእርስዋ ሰጠኋት። ዳሩ ቢጫ ሆኗል፤ በአንድ ወገን የጧፍ ሰም ጠብ ብሎበታል። መምህርት ናትና አስቀድማ ያነበበችው ከላይ ያለውን ቀን ነው። ከዚያ ከሰኔ እስከ ጥቅምት በጣቷ ቆጠረች፤ እንዳንቺው ጣቷን እያጠፈች። ለጅማው ሐኪም አሳይቼው እንደ ሆነ ጠየቀችኝ፤ አላሳየሁም አልኋት። ለምን አለችኝ፤ ቀኑን እንዳያነብብኝ አልኋት። ዝናቡ ቅጠሉን ይመታል። ወረቀቱን እንደ ነበረ አጥፋ በቦርሳዋ ከተተችና «እናቴ ታውቅ ነበር?» አለች። ታውቅ ነበር አልኋት።

አላለቀሰችም፤ አይዞዎትም አላለችኝ። ተነሥታ ጃንጥላዋን ያዘችና «እንግዲያው ነገ በመጀመሪያው መኪና እንሄዳለን። ብቻዬን አልሄድም፤ እርስዎም ይመጣሉ» ብላ ወጣች። በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ነበር፤ ተገቢ ቁጣ ነው።

በሱባኤ መካከል ከጎጆ መውጣት በእኔ ዕድሜና መዓርግ ላለ ሰው ቀላል አይደለም። የንስሐ አባቴ ትናንት ፊደል ያስቆጠርሁት ቄስ ነው። ያስቀረሁትን ሁሉ፣ የደበቅሁትን ቀን ጭምር፣ በዚያች ሰዓት ተናዘዝሁለት። ሰምቶ፣ የሚገባኝን ቀኖና ከሰጠኝ በኋላ፣ «መሪጌታ፣ ጾሙን ይዘውት ይሄዳሉ፤ የሚተዉት ጎጆዋን ብቻ ነው» አለኝ። በአጠገቤ ካለችው ጎጆ ግን አንድ ሽማግሌ በቅጠሉ ግድግዳ ተሻግሮ፣ «ምነው መሪጌታ፣ አዲስ አበባ ሹመት ተገኘ እንዴ?» ሲል ሰማሁት። ሹመት ቢሆን ኖሮ ሱባኤው እስኪፈታ እቆይ ነበር ልለው ፈልጌ ተውሁት።

በማግስቱ ተሳፈርን። እስከ ጅማ ድረስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሄደች። ጅማን ስናልፍ ከቋጠሮዋ ቆሎ አወጣችና ግማሹን በእጄ ላይ አፈሰሰችልኝ። ሰዓቱ ገና አልደረሰም አልኋት። «ሲደርስ ይበሉታል» አለች። ያዝሁት።

በሐኪም ቤቱ መተላለፊያ ነጭ ጥምጥም ያደረግሁ፣ ጭራ የያዝሁ፣ በሴቶች መካከል አንድ ወንድ እኔ ብቻ ነበርሁ። ከጎናችን ወረፋ የያዘች አንዲት ሴት ብዙ አይታኝ አይታኝ «አባ፣ እርስዎም ሊነሡ ነው?» አለች። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ሰናይትም ሳቀች፤ ከሦስት ቀን ወዲህ ስትስቅ ያን ጊዜ አየኋት። እንኳን ጠየቀችኝ አልሁ በልቤ።

ሐኪሟ ሴት ናት። በቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕመም ነበር ወይ ብላ ስትጠይቅ፣ ሰናይት ቦርሳዋን ከፈተችና ያንቺን ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ሐኪሟ ፊቱንም ጀርባውንም አነበበች። ዕድሜሽ ተጽፏል፤ የየትኛው ጎን እንደ ሆነ ተጽፏል፤ የእብጠቱ መጠን ተጽፏል። ቀኑንም አነበበች። እኔ ወቀሳዋን ስጠብቅ፣ «ይህ በጣም ይጠቅመናል፤ ማነው እስከ ዛሬ ያስቀመጠው?» አለች። እኔ ነኝ አልሁ። «ጥሩ አድርገዋል» አለችኝ። ምስጋናው ከወቀሳ ይልቅ ከበደኝና፣ ጥሩ አላደረግሁም፤ ይህ ወረቀት ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት ለሐኪም መድረስ የነበረበት ነው፤ ቀኑ እንዳይነበብብኝ ብዬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ አልኋት። ሐኪሟ ወረቀቱን ደግማ አየችው። ከዚያ ፎቶ ኮፒ እንዲነሣ ሰጥታ፣ «እንግዲህ ዛሬ ደርሷል» አለች። ቅጂው በልጅሽ ማኅደር ገባ።

የቀረውን በአጭሩ ልንገርሽ። ያን ቀን ራጁን በሌላ ወገን ደግመው አነሧት፤ በአልትራሳውንድም አዩአት። ጥላው አልጠፋም። ነሐሴ ዐሥራ አራት ቀን በመርፌ ናሙና ወሰዱላት። አሞሻል ወይ ብላት «ከጥርስ ማስነቀል አይብስም» አለችኝ፤ እኔን ለማጽናናት ይመስለኛል። ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተባለ። እርስዋ ለትምህርቷ ቀረች፤ እኔ የፍልሰታን በዓል በደብራችን ለማክበር ተመለስሁ። ሦስት ሳምንት ሃያ አንድ ቀን ነው። በሕይወቴ ሙሉ ስንት ዘመን ደምሬ ቀንሻለሁ፤ እንደዚያ ሃያ አንድ የረዘመ ቁጥር ግን አላጋጠመኝም። አንቺ ከሰኔ እስከ ጥቅምት እንዴት እንደ ቆጠርሽ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሃያ አንደኛው ቀን ጳጉሜን አምስት ዋለ። ሰናይት ስልክ ደወለችና አልደረሰም፣ ነገ ተመለሺ አሉኝ አለች። በሌላው ዓመት ቢሆን ነገ የሚባለው ዕንቁጣጣሽ ነው፤ ሐኪም ቤቱም ይዘጋል፤ በዓሉ እስኪያልፍ መጠበቅ ይመጣል። ዓመቱ ግን ዘመነ ሉቃስ ነበርና ጳጉሜን ስድስት ቀን ናት። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ የምትጨመረውን ያችን ቀን እስከ ዛሬ ለሒሳብ ማሟያ ብቻ አድርጌ ነበር የምቆጥራት። በስድስተኛው ቀን ጠዋት የዓመቱን ሒሳብ ዘርግቼ የነነዌን ጾም አውጥቼ፣ ወደ ዐቢይ ጾም ልሻገር ስል ስልኩ ጮኸ። «አባባ፣ ካንሰር አይደለም» አለች። ከዚያ እንደ መምህርት ቀስ ብላ አስረዳችኝ፤ ክፉ አይደለም፣ ነገር ግን የእናቷ ነገር ስላለ በየስድስት ወሩ እየተመለሰች ትታያለች፤ ቀጣዩ ቀጠሮ መጋቢት ዐሥራ አራት ነው። እግዚአብሔር ይመስገን አልሁና ቀኑን አስደገምኋት።

መስከረም አንድ ቀን እንደ ሥርዓቱ ዘመነ ዮሐንስን አበሠርሁ፤ አጽዋማቱንና በዓላቱን አነበብሁ። ወረቀቱን ካጠፍሁ በኋላ ግን አልወረድሁም። አንቺ አፍረሽ ያልጠራሽውን ቃል በምእመናኑ ፊት ጠራሁት። ባለቤቴ በጡቷ ላይ ያገኘችውን እብጠት ነግራኝ የሐኪም ወረቀት ከሰኔ እስከ ጥቅምት እንዳስቀረሁባት ነገርኋቸው። የሐኪም ቀጠሮ ያለው ሰው ቀጠሮውን ያክብር፤ ጠበሉንም ጾሙንም ከቀጠሮው ጋር ያስኪደው እንጂ በቀጠሮው ፋንታ አያድርገው፤ ቀን ቁጠርልኝ ብሎ ወደ እኔ የሚመጣ ካለም ከእንግዲህ የምቆጥርለት ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ቀን ነው አልሁ። ከኋላ አንዱ «መሪጌታ ደግሞ ጤና ጣቢያ ሆኑ» አለ፤ ጥቂቶች ሳቁ። ይሳቁ። ምስጢርሽን ያለ ፈቃድሽ ስላወጣሁ ይቅር በይኝ። አንድ ጊዜ ዝም ብለሽ ሸፍነሽልኛል፤ በዚያ ዝምታሽ ሥር ደግሜ ልደበቅ አልወደድሁም።

የዘንድሮው ወረቀት በበሩ ጀርባ ተለጥፏል፤ ትንሽ ዘመም ብሏል። በብራና ሥርዓት ቀይ ቀለም ለቅዱሳን ስሞች ብቻ እንደሚገባ ታውቂያለሽ። በዐቢይ ጾም ሦስተኛው ሳምንት ላይ «መጋቢት ዐሥራ አራት፣ ሰናይት ለሐኪም» የሚለውን በቀይ ጻፍሁት። ጾም ነው ብላ እንዳታስተላልፈው እኔው አብሬያት እሄዳለሁ። በሕይወት እስካለሁ በየዓመቱ ጳጉሜን የልጅሽን ቀጠሮ፣ ልጇም ስትደርስ የእርስዋን፣ ከበዓላቱ ጋር አወጣለሁ፤ ባወጣሁም ቁጥር ስምሽን እጠራለሁ።

በበረንዳው ላይ ለጠየቅሽኝ ጥያቄ ያን ጊዜ ሳላውቅ በድፍረት መለስሁልሽ። አሁን እንደሚገባ ልመልስልሽ። ጊዜው ያልፍበታል፤ ላንቺ አልፎበታል። ለልጅሽ ግን ደርሷል። ዋናውን መልሼ በመጽሐፌ ውስጥ አላኖርሁትም፤ ሰናይት ወስዳዋለች።

ነፍስሽን በአብርሃም ዕቅፍ ያኑርልኝ። ይህን ጽፌ እንደ ጨረስሁ ዘንቢሌን ይዤ እወርዳለሁ። ዛሬ የገበያ ቀን ነው፤ ዐውቄዋለሁ።

ባለቤትሽ መሪጌታ ኅሩይ
ከቦንጋ